አሮጌ የሸራ ካምፐሬን ባለ ጠንካራ ግድግዳ ላደርገው ነው፤ ከየት ልጀምር?

ሸራ የሰለቸው

ሰላም ለሁላችሁ። ጽሑፌ ረዘም ይላል፤ ታገሱኝ።

አንድ አሮጌ ተጣጣፊ ካምፐር፣ በመኪና የሚጎተት ማደሪያ፣ አለኝ። ያው ፖፕ አፕ የሚሉት። ሲጎተት ዝቅ ያለ ሳጥን ነው። ሲቆም እጀታውን እያዞርክ ጣሪያውን ታነሳለህ፣ ሸራው ይዘረጋል፣ ሁለቱ አልጋዎች ከፊትና ከኋላ እንደ መሳቢያ ይወጣሉ። ዕድሜው ከ25 ዓመት በላይ ነው። የገዛሁት ከሰው ነው፤ ስገዛውም ወጣት አልነበረም።

ሸራው አልቋል። አለቀ ስላችሁ ቀዳዳ አለው ማለቴ አይደለም። በጣት ገፋ ስታደርጉት እንደ እርጥብ ወረቀት ይለቃል። ዚፖቹ ነክሰው ቀርተዋል። ባለፈው ጉዞ ሌሊቱን ዘነበና የልጄን ፍራሽ ከአንዱ ጠብታ ወደ ሌላው ሳዞር አደርኩ። ጠዋት ደግሞ እርጥቡን ሸራ አጣጥፎ መዝጋት ግድ ነበር። እርጥብ ሸራ ታጥፎ ሦስት ቀን ሲቆይ ምን እንደሚሸት የቀመሰው ያውቀዋል።

ያሰብኩት እንዲህ ነው። ጣሪያውን ከፍ አድርጌ እዚያው አስረዋለሁ። ከታችኛው ሳጥን እስከ ጣሪያው ያለውን ክፍተት በ12 ሚሊ ኮምፔርሳቶ እሞላለሁ። ውጪውን ላሜራ አለብሰዋለሁ። አንድ በር፣ ሁለት መስኮት። ተንሸራታቾቹን አልጋዎች ጥዬ ውስጥ አንድ ቋሚ አልጋ። ሳጥኑ 3 ሜትር በ2 ሜትር ነው። ውስጡ ቀጥ ብዬ መቆም እፈልጋለሁ፤ ቁመቴ 1.80 ነው።

እንጨት ሥራ እችላለሁ። በርም ቁም ሳጥንም ሠርቼ አውቃለሁ። ብየዳ ላይ ዜሮ ነኝ። ባለቤቴ «ድንኳን ይዘን ብንሄድስ?» ትላለች። እናንተስ ምን ትላላችሁ? የሠራ ካለ፣ ድጋሚ ብትሠሩት ምኑን ትቀይራላችሁ?

---

ባለ ድንኳኑ

ባለቤትህን ስማት።

ቀልዴን ነው። ግማሹን። የምሬን ግን፣ አዲስ ሸራ በልክ የሚሰፉ ሰዎች አሉ። አሮጌው ሳይቀደድ ፈትተህ ለናሙና ከሰጠሃቸው ያንኑ ቆርጠው ይሰፉልሃል። ማንሻውና ጣሪያው ደህና ከሆኑ መልሶ መግጠሙ የሁለት ቀን ሥራ ነው። አንተ ያሰብከው የወራት ሥራ ነው። ደግሞ ዝቅ ብሎ መጎተቱ የዚህ ነገር ዋናው ጥቅሙ አይደለም እንዴ? በኋላ መስታወት ከኋላህ ያለውን መኪና ታያለህ። ከፍ ካደረግከው ቻው በለው።

---

ሁለቴ የሠራው

ወንድሜ፣ አንተ ያሰብከውን እኔ ሠርቼዋለሁ። ያንኑ ራሱን። 12 ሚሊ ኮምፔርሳቶ፣ 5 በ5 ሞራሌ፣ ከላዩ ላሜራ። ሲያልቅ ቤት መሰለ። ጎረቤት ሁሉ እየመጣ ግድግዳውን በእጁ እየደበደበ «ጠንካራ ነው!» አለኝ። እኔም ደስ አለኝ።

በመጀመሪያው ጉዞ ቁልቁለት ላይ ከጎን ነፋስ መጣ። ጭራው መወዛወዝ ጀመረ። መጀመሪያ ትንሽ፣ ከዚያ እየሰፋ። መኪናው ከእጄ ያመለጠ መሰለኝ። ነዳጁን ለቅቄ መሪውን ቀጥ አድርጌ ያዝኩና ቀስ በቀስ ረጋልኝ። ዳር ይዤ ቆምኩ። እግሬ ይንቀጠቀጥ ነበር። በማግስቱ ሳስመዝነው ከሚፈቀደው 140 ኪሎ አልፏል። ያም ሳያንስ ቋሚውን አልጋ ከኋላ አድርጌ ከሥሩ ዕቃ ሞልቼበት ነበር። ቤት ስመለስ አንድ ዓመት ሙሉ አላነሳሁትም። ከዚያ በመጋዝ ቆራርጬ ጣልኩትና እንደገና ሠራሁት።

ስለዚህ ግድግዳ ከመሳልህ በፊት መዝን።

ብዙ ጊዜ ከፊት በኩል ሻንሲው ወይም ሳጥኑ ላይ የተለጠፈ ሰሌዳ አለ። «የሚፈቀድ ጠቅላላ ክብደት» የሚለውን ጻፈው። እሱ ካምፐሩ ከነጓዙ ከነውሃው ሊያልፈው የማይገባው ቁጥር ነው። ከዚያ ባዶውን ወስደህ የመኪና ሚዛን ላይ አውጣው። ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን የባዶ ክብደት አትመነው። እሱ ከፋብሪካ ሲወጣ ነው። ከዚያ ወዲህ እንጨቱ ውሃ ጠጥቷል፤ የቀድሞ ባለቤቶቹም እየጨማመሩበት ነው የኖሩት።

ቀጥሎ ካምፐሩ ከመኪናው ጋር የሚያያዝበት መንጠቆ ላይ የሚያርፈውን ክብደት ለካ። ብዙ ጊዜ የሚመከረው ከጠቅላላው ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ ነው። የመኪናህ መንጠቆ የሚፈቅደውንም ከመመሪያው እይ፤ ከሁለቱ ያነሰው ነው ገዢው። ከ10 በመቶ ካነሰ የእኔ ዓይነት ውዝዋዜ ይመጣል። ለመለካት የሰው ሚዛን ይበቃል። ክብደቱ በቀጥታ ከተጫነው ሚዛኑን ሊሰብረው ስለሚችል እንዲህ አድርግ። አንድ ጠንካራ ጣውላ ውሰድ። አንዱን ጫፍ ብረት ቧንቧ ላይ፣ ሌላውን ጫፍ ሚዛኑ ላይ እንዲሁ በቧንቧ አሳርፈው። ጣውላው ውሃ ልክ ይሁን። የካምፐሩን አፍንጫ፣ ከመንጠቆው ጋር የሚያያዘውን ጫፍ፣ ጣውላው ላይ የምታሳርፈው ከመጀመሪያው ቧንቧ 30 ሳንቲ ሜትር፣ ከሚዛኑ በኩል ካለው 60 ሳንቲ ሜትር ርቆ ነው። ሚዛኑ ያነበበውን በ3 አባዛው። ካምፐሩ ራሱ ሜዳ ላይ ይቁም፣ ጎማዎቹንም በደንብ ቆልፍ። እኔ አንዱን ሳልቆልፍ ጀምሬ ካምፐሩ ወደ ኋላ ሄደብኝ፤ ጣውላው ተነስቶ ቅልጥሜን አገኘው።

አሁን ወደ ግድግዳው። ታችኛው ሳጥን የሚያታልል ነገር ነው። ግድግዳ ይመስላል እንጂ ተሸካሚ አይደለም። በብዙዎቹ ላይ ቀጭን እንጨት በስቴፕል ተመትቶ ላዩ ላሜራ የለበሰ ነው። እኔ አዲሱን ግድግዳ እሱ ላይ በብሎን አሰርኩት። ከሁለት ጉዞ በኋላ ብሎኖቹ ቀዳዳቸውን አስፍተው እንደ ላላ ጥርስ ይነቃነቁ ነበር። ጣሪያውን የሚያነሱት አራቱ ቋሚዎችም የተሠሩት ቆሞ ላለ ካምፐር ነው። መንገድ ላይ ጣሪያ ተሸክመው እንዲሄዱ አይደለም። ሁለተኛ ስሠራ ሁሉንም አውልቄ እስከ ሻንሲው ወረድኩ። አዲስ ወለል አነጠፍኩ። ግድግዳዎቹን በወለሉ በኩል አድርጌ በረጅም ብሎን፣ በሰፊ ሮንዴላና በዳዶ ከሻንሲው ጋር አሰርኳቸው።

ጣሪያውንም እንዳለ ልጠቀም ካልክ ጠርዙን ዙሪያውን በአውራ ጣትህ ተጫነው። ገባ የሚልልህ ቦታ ካለ ውስጡ ያለው እንጨት በስብሷል። ከላይ ብታሽገው አይድንም።

ከምን ልሥራው ለምትለው፣ እኔ 38 ሚሊ ፎም ተጠቀምኩ። ነጩን እንደ ዶቃ የሚበታተነውን አይደለም። ጠጣሩን፣ ለስላሳ ገጽ ያለውን፣ ኤክስ ፒ ኤስ የሚባለውን ነው። ከውስጥ 3 ሚሊ ኮምፔርሳቶ፣ ከውጪ 0.8 ሚሊ አሉሚኒየም፣ መሃል ፎሙ። ሦስቱ በሙጫ ሙሉ ለሙሉ ሲጣበቁ አንድ ዕቃ ይሆናሉ። ለየብቻቸው በጉልበት የሚሰበሩ ናቸው። አንድ ላይ ሆነው ሁለት ወንበር መሃል አጋድሜ ቆምኩባቸው። በርና መስኮት የሚመጡበት ዙሪያ፣ እንዲሁም መደርደሪያ የምትሰቅልበት ቦታ ላይ ከማጣበቅህ በፊት ፎሙን ቆርጠህ እንጨት አስገባ። በኋላ ብሎን የሚይዝልህ እሱ ብቻ ነው። ይህን አንድ ቦታ ረስቼ እስከ ዛሬ የኩባያ መስቀያ የለኝም።

ክብደቱን እንይ። ኮምፔርሳቶ እንደ እንጨቱ ዓይነት ይለያያል። ደልዳላውን ብንወስድ 12 ሚሊው በካሬ ሜትር ወደ 7 ኪሎ ነው፤ ሞራሌውና ላሜራው ሳይቆጠር። የእኔ ባለ ሦስት ሽፋን ሁሉም ተደምሮ በካሬ ወደ 5 ኪሎ ነው።

ሙጫውን ተጠንቀቅ! ሽታው ጭንቅላት የሚያዞረው ዓይነት ሙጫ ፎሙን ይበላዋል። ቀብቼ ዘወር አልኩና ስመለስ ፎሙ ላይ ሸለቆ ተቆፍሯል። መጀመሪያ ቁራጭ ላይ ሞክር። እኔን ያዋጣኝ ፖሊዩሪቴን ሙጫ ነው። አሉሚኒየሙን ግን በሸካራ ወረቀት ሳትፍቀው ምንም ሙጫ አይዘውም።

ለመስኮትና ለበር ዙሪያ ሲሊኮን አታስነካ። ከጊዜ በኋላ ይላቀቃል፤ በኋላ ቦታው ላይ ሲሊኮን ራሱም አይያዝም። ከፍሬሙ ሥር ቡታይል ቴፕ (እንደ ማስቲካ የሚለጠጥ ማሸጊያ) አድርግ፣ ብሎኑን ቀስ በቀስ አጥብቅ፣ ተጨምቆ የወጣውን በማግስቱ ቆርጠህ ጣል። ጣሪያህንም ፍጹም ሜዳ አታድርገው። እኔ መሃሉን ከጠርዙ 4 ሳንቲ ሜትር ከፍ አደረግኩት፤ ውሃ የሚቆምበት ቦታ የለም።

ስለ ቁመትህ በኋላ እመለሳለሁ፤ ሥራ ጠሩኝ።

---

ኩሽኔታ

ከላይ የተባለው ሁሉ ልክ ነው፤ ከሥር ግን ማንም አልገባም። ግድግዳ ከማሰብህ በፊት ክሪክ አስገብተህ ጎማውን አንሳ። በእጅህ አዙረው። ኩሽኔታው ካጉረመረመ ይቀየራል። ዝም ካለም ፍታውና አጥበህ አዲስ ግሪስ ሙላው። ባሌስትራውን እይ፤ አንዷ ቅጠል ከተሰነጠቀች ሙሉውን ቀይር።

ጎማው ጥርሱ አዲስ ስለመሰለ አትታለል። የተሳቢ ጎማ ሳይነዳ ቆሞ ነው የሚያረጀው። ጎኑ ላይ ካለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት አሃዝ ፈልግ። 2314 ካለ በ2014 በ23ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር። ከስድስት ሰባት ዓመት ካለፈው ስንብት ነው።

ሻንሲውን በመዶሻ ኳ ኳ አድርገው። ጤነኛ ብረት ይጮኻል። የበላው ቦታ ድምፁ ይሞታል። ብየዳ አልችልም ካልክ እሱን ለሚችል ስጥ። የሳጥኑን ግድግዳ ብታበላሽ ይሳቅብሃል፤ ሻንሲ ብታበላሽ ግን ሌላ ሰው ላይ ትሄዳለህ። ስትጨርስም ስለ ምዝገባው ጠይቅ። ቅርጹ የተለወጠ ተሳቢ ብዙ ቦታ እንደገና መመርመር አለበት።

---

እንቅልፍ ወዳዷ

እኔ የምጨምረው ስለ አየር ነው። ወንዶቹ ስለ ብሎን ሲያወሩ ይረሱታል።

ሸራ ይተነፍሳል። አንተ የምትሠራው ሳጥን አይተነፍስም። እኛ በሠራን የመጀመሪያው ሌሊት ሦስት ሆነን ሁሉንም ዘግተን ተኛን። ጠዋት ግድግዳው ላይ ጣቴን ሳሳርፍ ውሃው በክንዴ ወረደ። የፍራሹ ሥር ረጥቦ ነበር። ጣሪያው ያፈሰሰ መስሎን ባለቤቴ ግማሽ ቀን ጣሪያው ላይ ዋለ። የራሳችን ትንፋሽ ነበር።

አሁን ጣሪያው ላይ የሚከፈት አየር ማውጫ አለን፤ በሩ ሥር ደግሞ የማይዘጋ ቀዳዳ። ፍራሹንም ከጣውላው ትንሽ አንስተነዋል፤ ከሥሩ አየር ይገባል።

ውስጥ በጋዝ የምታበስሉ ከሆነ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ግዙ። ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም፣ የተኛን ሰው አይቀሰቅስም። ልጅ አለኝ ብለሃልና በዚህ አትቀልድ። የጋዙን ሲሊንደር ደግሞ ውጪ አድርገው። በሳጥን ውስጥ ካስገባኸው ሳጥኑ ከውስጥ ክፍሉ ጋር እንዳይገናኝ፤ ታችኛው ወለሉም ወደ ውጪ ክፍት ይሁን። ፕሮፔን ከአየር ይከብዳል፤ ካመለጠ ወደ ታች ነው የሚሄደው።

---

ሁለቴ የሠራው

ተመለስኩ። እህቴ ያለችው ሁሉ እውነት ነው፤ እኔም ፍራሽ ጥያለሁ።

ቁመት ያልኩት ይህ ነው። ወለልህ ከመሬት 60 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ቢሆን፣ አንተ ውስጥ ቆመህ ጭንቅላትህ እንዳይነካ 1.85 ያስፈልግሃል። ከነጣሪያው ውጪው 2.50 ደረሰ። አሁን ተዘግቶ ሲሄድ 1.35 ወይም 1.40 ቢሆን ነው። ነፋስ የሚመታው ፊቱ ከእጥፍ በላይ አደገ ማለት ነው። የነፋስ ግፊት ደግሞ በፍጥነት ካሬ ነው የሚያድገው። ከ80 ወደ 100 ስትፈጥን ከግማሽ በላይ ይጨምራል። ነዳጅህ ይነግርሃል።

እኔ ሁለተኛውን 15 ሳንቲ ሜትር ዝቅ አደረግኩት። አጎንብሼ እለብሳለሁ። ለመቆም ውጪ አለልኝ። የፊቱን ግድግዳም ቀጥ ከማድረግ ወደ ኋላ ዘመም አድርጌዋለሁ።

---

ሸራ የሰለቸው

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሦስት ሳምንት ጠፋሁ፤ ስመዝን ነበር።

ሰሌዳው የሚፈቀደው 1,000 ኪሎ ይላል። ባዶ ክብደት ብሎ የጻፈው 690 ነው። ሚዛን ላይ 790 ወጣ። 100 ኪሎ ከየት መጣ ብዬ ውስጡን ሳራግፍ ከወለሉ ሥር ሁለተኛ ወለል አገኘሁ። አንዱ ባለቤት የበሰበሰውን ሳያነሳ አዲስ አንጥፎበታል። እርጥብ ነበር።

ሸራውን፣ አልጋዎቹን፣ ማንሻውን ከነሽቦ ገመዱ አውልቄ በየተራ መዘንኳቸው፤ 115 ኪሎ። ጣሪያው ጠርዙ ሁለት ቦታ ለስላሳ ነው። ስለዚህ እሱም ይሄዳል፤ ወደ 65 ኪሎ። ቀሪው 610 ሆነ። የበሰበሰው ወለል ሲነሳ አዲስ ስለሚተካ አልቆጠርኩትም። ለጓዝ፣ ለፍራሽና ለ40 ሊትር ውሃ 160 ያዝኩ። ለግድግዳና ለጣሪያ የቀረኝ 230 ነው።

ግድግዳውንና ጣሪያውን አሰላሁ። በመጀመሪያው ሐሳቤ ከሞራሌው፣ ከላሜራው፣ ከውስጥ ልባሱ፣ ከበርና መስኮቱ ጋር 284 መጣ። አለቀልኝ። በጋሼ ሁለቴ የሠራው መንገድ 168 መጣ። (ጋሼ ያልኩት በዕድሜ ሳይሆን በስቃይ ነው።) 62 ኪሎ ተረፈኝ ማለት ነው።

የመንጠቆውንም ከማራገፌ በፊት በጣውላው ለካሁ። ሚዛኑ 21 አለ፤ በ3 ሲባዛ 63። ከ790 ስምንት በመቶ። ጎማዎቹን ቆልፌ ነበር፤ ቅልጥሜ ደህና ነው።

ሁለት ጥያቄ። አንድ፣ ይህን ስምንት በመቶ በምን ላስተካክል? ሁለት፣ የፊታችን ቅዳሜ ጣሪያውን ላወርድ ነው፤ ከዚያ በፊት የምለካው ነገር አለ?

---

ሁለቴ የሠራው

ጋሼ ስትለኝ ወገቤን አመመኝ።

ባትሪውንና የጋዝ ሲሊንደሩን አፍንጫው ላይ አውጣቸው። የውሃውን ታንክ ከአክስሉ ትንሽ ወደ ፊት አድርገው፤ ሞልቶም ባዶም ሆኖ ለካው። ኩሽናውን ከፊት፣ አልጋውን ከኋላ አድርግና ከአልጋው ሥር ቀላል ነገር ብቻ ይግባ። ብርድ ልብስ፣ ልብስ። መሣሪያ ሣጥን እንዳላይ! እኔን የጣለኝ እሱ ነው። ግድግዳው ቆሞ ካለቀ በኋላ እንደገና በጣውላ ለካ።

ሻንሲውን ደግሞ በሰያፍ ለካው። ከፊት ግራ ጥግ ወደ ኋላ ቀኝ፣ ከዚያ በተቃራኒው። ሁለቱ እኩል ካልሆኑ ጠማማ ነው። ብዙዎቹ ጠማማ ናቸው፤ ሸራ ይለጠጣል፣ ስለዚህ ማንም አላየውም።

---

ሸራ የሰለቸው

አንዱ 3 ሜትር ከ60.2 ሳንቲ፣ ሌላው 3 ሜትር ከ61.1። 9 ሚሊ ይለያያሉ። ልጨነቅ?

---

ሁለቴ የሠራው

አትጨነቅ። ሻንሲውን ለማቃናት አትሞክር። አዲሱን ወለል ለብቻው ትክክለኛ ማዕዘን አድርገህ ቁረጥና ከሻንሲው ዙሪያውን ትንሽ ወጣ ይበል። ግድግዳዎቹ ወለሉን ይከተሉ። ጠማማነቱ ከሥር ተደብቆ ይቀራል።

---

ኩሽኔታ

ወለሉን ከማንጠፍህ በፊት ሻንሲውን ፍቀህ ፀረ ዝገት ቀባው። ከዚያ በኋላ ያን ብረት ከላይ አታየውም።

---

ሸራ የሰለቸው

ጣሪያው ወረደ። አራት ሰው ሆነን ነው። ለስላሳ የነበረውን ጠርዝ ስሰብረው እንጨቱ እንደ ትምባሆ እጄ ላይ ተፈረፈረ። ባለቤቴ ፎቶ አነሳችና «ከዚህ ሥር ነው ስንተኛ የኖርነው?» አለች። አሁን ድንኳን የሚል ነገር አቁማለች፤ መስኮቱ የት እንደሚሆን ነው የምታወራው። ግቢው ውስጥ ያለው ሻንሲ፣ ሁለት ጎማና አንድ ክምር ሸራ ብቻ ነው።

---

ባለ ድንኳኑ

ሸራውን እንዳትጥለው። ስትሠራ ዝናብ ከመጣ ፎሙን ትሸፍንበታለህ።

---

ሸራ የሰለቸው

ያፈሳል እኮ።